ድካሙ ሳይመጣ ማረፍ፦ ፋይብሮማያልጂያና የማይለቅ ድካም ላለበት ወጣት

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቅልል ብሎኝ ነቃሁ። እንዲህ ያለ ቀን በወር ሁለቴ ቢመጣልኝ ነው። እንዳላባክነው ተጣደፍኩ። የተከመረውን ልብስ በእጄ አጠብኩ፣ አንሶላውን ጨምቄ አሰጣሁ፣ ከሰዓት መርካቶ ደርሼ መጣሁ፣ ማታ የጓደኛዬ ልደት ላይ እስከ አራት ሰዓት ቆየሁ። ረቡዕ ትንሽ ከበደኝ። ሐሙስ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። የጥርስ ብሩሽ ማንሳት ራሱ ሥራ ሆነብኝ። እስከ ሰኞ እንደዚያው ነበርኩ።

እማዬ «ብርድ መትቶሽ ነው» አለች። አክስቴ «የሰው ዓይን ነው» አለች። እኔ ደግሞ ሐሙስ ምን እንደበላሁ አስባለሁ። ጥፋቱ ማክሰኞ ላይ እንደነበር ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚህ በታች ያለው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ብዬ የምመኘው ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ በ20ዎቹ ውስጥ ያለሁ ታማሚ ነኝ።

1. የትኛው እንዳለባችሁ ለዩ

ሁለት ስሞች ናቸው። ብዙ ጊዜ አብረው ይነሳሉ፣ አንድ ሰው ላይም አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ፋይብሮማያልጂያ ቢያንስ 3 ወር የቆየ፣ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም ሰውነትን የሚያዳርስ ሕመም ነው። አብሮት ተኝተው የማይጠግቡት እንቅልፍና «ምን ልል ነበር?» የሚያሰኝ መፍዘዝ አለ። ጡንቻው አልቆሰለም፣ መገጣጠሚያውም አልተበላም። ችግሩ ሕመምን የሚያስተላልፈውና የሚያነበው የነርቭ ሥርዓት ላይ ነው። ድመት በዘለለችበት ቁጥር የሚጮህ የመኪና አላርም ሰፈራችሁ የለም? እንደዚያ ነው። ሌባ የለም። ጩኸቱ ግን የምር ነው፤ ሰፈሩም አይተኛም።

ድሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው መስፈርት፣ ሐኪሙ 18 ቦታ በጣቱ ተጭኖ ቢያንስ 11ዱ ማመም ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ይህ ግዴታ አይደለም። «ስጫንሽ አላመመሽም፣ ስለዚህ የለብሽም» ከተባላችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ሁለተኛው ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም፣ ማለትም የማይለቅ የድካም ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ በወጣው መስፈርት መሠረት ድካሙ ከ6 ወር በላይ የቆየ፣ የቀድሞ ሕይወታችሁን ያሳነሰ፣ በእረፍትም የማይለቅ መሆን አለበት። ዋናው መለያው ግን ከልፋት በኋላ የሚመጣው ውድቀት ነው። ልፋት ሲባል የጉልበት ብቻ አይደለም፤ ለፈተና ማጥናትም፣ መጨቃጨቅም ይቆጠራል። ውድቀቱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ይደርስና ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቀመጣል። የእኔ ሐሙስ ማለት ነው።

መለየቱ ለምን አስፈለገ? በስፖርት ምክንያት። የአውሮፓ ሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም) ሐኪሞች ለፋይብሮማያልጂያ ባወጡት መመሪያ ጠንካራ ድጋፍ ያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሰውነት እንቅስቃሴ። ለክሮኒክ ፋቲግ ግን ናይስ የሚባለው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በተወሰነ መጠን ስፖርት እየጨመሩ የሚሄዱበትን ሕክምና እንዳይሰጥ ብሏል። አንዱን የሚያድን ምክር ሌላውን አልጋ ላይ ያውላል። ስለዚህ «ጂም ግቢና ይለቅሻል» የሚላችሁን ሰው ከመስማታችሁ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፦ ከልፋት በኋላ ጡንቻዬን ብቻ ነው የሚያመኝ፣ ወይስ በሁለተኛው ቀን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሁለመናዬ ነው የሚወድቀው?

2. ሐኪም ዘንድ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ

እኛ አገር የማይለቅ ድካም ይዞ ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት ስም ይወጣል፦ ታይፎይድና ታይፈስ። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተብያለሁ። አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ጨረስኩ። ሆዴ ተበላሸ፤ ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ድሮ ከነበረ ኢንፌክሽን በተረፈ አንቲቦዲም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ትኩሳት ሳይኖራችሁ በየሦስት ወሩ ታይፎይድ የምትባሉ ከሆነ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት አገራችን ውስጥ ጥቂት ነው፤ ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካላገኛችሁ ግን ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይበቃል።

ሁለቱንም በሽታ በደም ምርመራ ማረጋገጥ አይቻልም። ደም የሚወሰደው የሚመስሏቸውን ለማግለል ነው፦ ደም ማነስና የብረት ክምችት፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ኩላሊትና ጉበት፣ ቫይታሚን ዲና ቢ12፣ ኢኤስአር (ሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚጠቁም)፣ ኤችአይቪ። ውጤቱን ሁሉ በአንድ ክላሴር አኑሩ። አዲስ ሐኪም ባያችሁ ቁጥር ያንኑ ምርመራ እንደገና ከመክፈል ያድናችኋል።

ሐኪሙ ፊት የምታገኙት ጊዜ አጭር ነው። አንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ፦ መቼ ጀመረ፣ የት የት ያማል፣ ስንት ሰዓት ተኝቼ እንዴት እነቃለሁ፣ ከመታመሜ በፊት የምሠራውና አሁን የማልችለው ምንድን ነው። የመጨረሻው ይበልጥ ይጠቅማል። «በጣም ይደክመኛል» ከማለት «ድሮ ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሬ እሄድ ነበር፣ አሁን ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት ሦስቴ እቆማለሁ» ማለት ሐኪሙን ቀና ያደርገዋል።

አንዳንድ ምልክቶች ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ የሚያብጥና የሚግል መገጣጠሚያ፣ የአንድ ወገን መዛል ካለ ቶሎ ታዩ። ፋይብሮማያልጂያ አለብኝ ማለት ቲቢ አይዘኝም ማለት አይደለም።

«ሁሉም ኖርማል ነው» ስትባሉ ደስታና ንዴት አብረው ይመጣሉ። እኔ ከሆስፒታሉ በር ላይ ሎሚ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ቆሜ አልቅሻለሁ። «ምን ነገሩሽ ልጄ?» አለችኝ። «ጤነኛ ነሽ አሉኝ» ስላት ግራ ገባት።

3. መድኃኒት

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። በአነስተኛ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊግራም ተጀምሮ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍና ሕመም ላይ ይረዳል፤ ዋጋውም አይጎዳም። ፕሪጋባሊንና ዱሎክሴቲንም ለፋይብሮማያልጂያ የሚታዘዙ ናቸው። አንዳቸውም ሕመሙን ነቅለው አይጥሉትም፤ ጩኸቱን ይቀንሳሉ። «የድብርት መድኃኒት ነው የሰጡኝ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ እዚህ የሚታዘዘው የነርቭ መልእክትን ለማብረድ ነው። ለማርገዝ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

የዲክሎፌናክ መርፌ በየሳምንቱ መወጋት፣ ፕሬድኒሶሎን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ፣ ትራማዶል ከጓደኛ መቀበል ይቅርባችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይህን ዓይነት ሕመም እምብዛም አይነኩትም፤ ጨጓራና አጥንት ግን ይነካሉ። ትራማዶል ሱስ አለው።

ጠበል የምትሄዱ ከሆነ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። ፕሪጋባሊንንና ዱሎክሴቲንን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ራሱን የቻለ ሕመም ያመጣል።

4. ምጣዱንና አምፖሉን ለዩ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸ ነው፤ ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉና ይህን አንብቡ።

ካርድ ቆጣሪ ያለበት ቤት የኖረ ሰው ይገባዋል። አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ ካርዱ እምብዛም አይነቃነቅም። ምጣድ ሲሰካ ግን ቁጥሩ እያያችሁት ይወርዳል። ሰውነታችሁም ካርድ አለው። ጎረቤት የ1,000 ብር ሲሞላ እናንተ የ200 ብር ነው የሞላችሁት፤ ምጣዱ ግን ያው ምጣድ ነው።

አንድ ደብተር ግዙ። ለሁለት ሳምንት በየማታው አራት ነገር ጻፉ፦ ለስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ሕመሙ ከ10 ስንት፣ ድካሙ ከ10 ስንት፣ ዛሬ ምን ሠራሁ። ከሦስት መስመር አይብለጥ፤ የማይቀጥል ደብተር ዋጋ የለውም። የእኔ አንድ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፦ 6 ሰዓት። ሕመም 3። ድካም 2። ልብስ፣ መርካቶ፣ ልደት።» ቀጥሎ «ረቡዕ፦ 5 ሰዓት። 5። 6። ቢሮ።» ከዚያ «ሐሙስ፦ 9 ሰዓት። 8። 10። ምንም።»

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ መጥፎ ቀኖቹን በቀይ አክብቡ። ከእያንዳንዱ ቀይ ወደ ኋላ አንድና ሁለት ቀን ተመለሱና ምን እንደሠራችሁ እዩ። ተደጋግመው የሚመጡት ሥራዎች የእናንተ ምጣዶች ናቸው። የእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። ለእኔ ልብስ ማጠብ፣ የታክሲ ሰልፍና ስብሰባ ናቸው። ምግብ ማብሰል ቁጭ ብዬ ከሆነ አምፖል ነው፣ ቆሜ ከሆነ ምጣድ። አንድ የማውቀው ልጅ የእሱ ትልቁ ምጣድ ከአባቱ ጋር በስልክ ማውራት ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ቀላል ነው፤ መጠበቁ ነው ከባዱ። በቀን አንድ ምጣድ። ሁለት ተከታታይ ቀን ከባድ ምጣድ አይሰካም። ሥራ ስትጀምሩ ስልካችሁ ላይ 20 ደቂቃ ሙሉ፤ ሲጮህ ባይደክማችሁም አቁሙና 10 ደቂቃ ጋደም በሉ። «ይቺን ብቻ ልጨርስ» የሚለውን ድምፅ አትመኑት። ከደከማችሁ በኋላ ማረፍ ዕዳ መክፈል ነው፤ ከመድከማችሁ በፊት ማረፍ ግን ካርድ መቆጠብ ነው። ስልክ ይዞ መጋደምም እረፍት አይደለም። ቲክቶክ አምፖል ነው፤ ኮሜንት ላይ ከተጣላችሁ ምጣድ ነው።

በጣም አደገኛው ቀን መጥፎው ቀን ሳይሆን ጥሩው ቀን ነው። ያን ቀን የሌላውን ቀን ያህል ሥሩና አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ጨምሩ። የሚጨመረውም ደስ የሚል ነገር ይሁን፤ ልብስ አይሁን።

ቤት ውስጥ የሚያዋጡኝ፦ ሽንኩርት የምከትፈው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። በጥሩ ሳምንት ቁሌት በርከት አድርጌ እሠራና ከፋፍዬ ፍሪዘር አስገባለሁ፤ በመጥፎ ቀን ሽሮ ብቻ ጣል ማድረግ ነው። ልብስ ቅዳሜ ከምሮ ማጠብ ቀርቷል፤ በየቀኑ ሦስት አራት ፍሬ፣ ጂንስና ብርድ ልብስ ላውንደሪ። ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን አልሸከምም፣ 20 ኪሎ ነው። በ5 ሊትር አራቴ እመላለሳለሁ ወይም ለልጅ ከፍዬ አስቀዳለሁ። ገላዬን የምታጠበው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እንጀራ እገዛለሁ። እማዬ ለዚህ ስድስት ወር አኩርፋኛለች።

ለታክሲ ሰልፍ ደግሞ ከኋላ ያለውን ሰው «ተራዬን ያዝልኝ፣ ያመኛል» ብላችሁ ጥግ ላይ ተቀመጡ። እምቢ ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስትቆሙ ልባችሁ የሚመታና የሚያዞራችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ተኝታችሁና ለ10 ደቂቃ ቆማችሁ የልብ ምት ማነጻጸር ቀላል ምርመራ ነው።

5. እንቅስቃሴ

ዋናው ችግራችሁ ፋይብሮማያልጂያ ከሆነና ያ የዘገየ ውድቀት ከሌለባችሁ፣ ሳያማችሁ ልትሄዱ የምትችሉትን ደቂቃ ለኩና በግማሹ ጀምሩ። 10 ደቂቃ ከሆነ 5። አዎ፣ ያስቃል። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ 5 ደቂቃ ብቻ ሂዱ። ካልባሰባችሁ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማመሙ ጉዳት አይደለም፤ ከአላርሙ ጋር መለማመድ ነው።

ውድቀቱ ካለባችሁ ግን ቁጥር 4 ላይ ያለው ብቻ ይበቃችኋል። አልጋ ላይ ሆኖ እጅና እግርን ቀስ ብሎ መዘርጋት በቂ ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ ጨምሩ የሚል ፕሮግራም አትግቡ።

6. እንቅልፍና ቡና

የምትነሱበት ሰዓት ቅዳሜና እሁድም አይለዋወጥ። የምትተኙበት ቢዛነፍ ግድ የለም፤ የመነሻው ሰዓት ነው ዋናው። ቀን ማሸለብ ካስፈለጋችሁ ከ9 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ግማሽ ሰዓት አይለፍ።

ቡና እስከ ረፋድ ድረስ ጠጡ። የከሰዓቱ ቡና ላይ አትቅሩ፤ ቄጤማውም፣ ወሬውም፣ ፈንዲሻውም የእናንተ ነው። አቦሉን ብቻ እለፉት። «ቡናዬን ናቅሽው?» የምትል ጎረቤት ካለች ሲኒውን ተቀበሉና ያዙት፤ በረካ ላይ ስትደርሱ ማንም አያስታውሰውም።

ክረምት ላይ ለብዙዎቻችን ሕመሙ ይብሳል። እኔ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጌ በፎጣ ጠቅልዬ ትከሻዬ ሥር አስገባለሁ። የፈላ ውሃ አታድርጉ፤ ፕላስቲኩ ተጨማድዶ አንድ ጊዜ ፍራሼ ላይ ፈስሶብኛል።

7. ጾም

ሁዳዴን 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት መቆየትም፣ ረመዳንን መጾምም ለእኛ ሰውነት ትልቅ ምጣድ ነው። ስግደትም እንደዚያው። ሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ ነፍስ አባታችሁን ወይም ሸኻችሁን በግልጽ ጠይቁ። እኔን ነፍስ አባቴ «ሰዓቱን ተይው፣ ከሥጋና ከወተቱ ብቻ ጹሚ» አሉኝ። ለሁለት ዓመት ያፈርኩበት ነገር በአንድ ደቂቃ አለቀ። በጾም ወራት ምስር፣ ሽንብራና ሱፍ አብዝታችሁ ብሉ፤ በዳቦና በሻይ የሚጾም ሰው ያለ ፋይብሮማያልጂያም ይደክመዋል።

8. ትምህርትና ሥራ

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ገና ሴሚስተሩ ሲጀመር ታችኛውን አልጋ ጠይቁ። ቀላል ይመስላል፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ መሰላል ከመውጣት ያድናል። ኮርስ መቀነስ የሚቻል ከሆነም ከመውደቃችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከወደቃችሁ በኋላ አይደለም።

የግል ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እወቁት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ። በአንድ ላይ መወሰድ የለበትም፤ እየተቆራረጠም ይቆጠራል። ለእኛ የሚመቸውም ይኸኛው ነው። በቀራችሁ ማግስት ግን ለአሠሪው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለባችሁ። የመንግሥት ሠራተኞች ሌላ ሕግ አላቸው።

አለቃ ዘንድ ስትገቡ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ሥራው ተናገሩ። «አሞኛል፣ ምን ይሻላል?» ስል አዘኑልኝ፤ ምንም አልተለወጠም። «ሪፖርቱን አርብ ሳይሆን ሐሙስ ጠዋት ባስገባና አርብን ከቤት ብሠራ ይፈቀድልኛል?» ስል እሺ አሉኝ።

9. ሰው

«አንቺ እኮ ምንም አትመስይም።» «በእናንተ ዕድሜ እኛ እንጨት ተሸክመን ነበር።» «ሥራ ስትፈቺ ነው የሚያምሽ።» ለሁሉም መልስ አትስጡ፤ ማስረዳት ራሱ ምጣድ ነው። ለጎረቤትና ለዘመድ «የነርቭ ሕመም ነው፣ ክትትል ላይ ነኝ» ይበቃል። ሙሉውን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ብቻ ንገሩ፤ ደብተሩንም አሳዩአቸው። እማዬን ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ያሳመናት ያ ማክሰኞና ሐሙስ የተጻፈበት ገጽ ነው። ከዚያ ወዲህ ደህና ስሆን የምትቆጣኝ እሷ ሆናለች፦ «ተቀመጪ! ዛሬ ደህና ነሽ!»

ለቅሶ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ከመቀመጥ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰዓት መድረስ ይሻላል። ሰርግ ከሆነ ወይ ቤተ ክርስቲያኑን ወይ ግብዣውን ምረጡ። ለጓደኛ ደግሞ «እመጣለሁ» ብቻ አትበሉ። «ለአንድ ሰዓት እመጣለሁ» በሉና በሰዓቱ ውጡ፤ ሦስቴ ከቀረ ሰው ይልቅ ሁሌ ቶሎ የሚወጣ ሰው ይጠራል።

ሐዘኑ ከከበዳችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ተናገሩና የአእምሮ ሐኪም እዩ። ይህ ሕመሙን «ከአእምሮሽ ነው» ከሚሉት ጋር መስማማት አይደለም። በየቀኑ የሚያመው ሰው ልቡ መሰበሩ አይገርምም፣ ይታከማልም።

10. የወደቃችሁበት ቀን

ይመጣል። ደብተር ብትይዙም ይመጣል። ለዚያ ቀን ከአልጋችሁ ሥር አንድ ካርቶን አዘጋጁ። የእኔ ውስጥ ያለው ይኸ ነው፦ የታሸገ ውሃ፣ በሶ፣ ኦቾሎኒ፣ የቀኑ መድኃኒት፣ ረጅም ገመድ ያለው ቻርጀር፣ ቻፕስቲክ፣ የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ። ስልኬ ላይ ደግሞ ቀድሞ የተጻፈ መልእክት አለ፦ «ዛሬ ተነስቷል። አደጋ የለም። ማውራት አልችልም፣ ነገ እደውላለሁ።» ለእማዬ፣ ለእህቴና ለአለቃዬ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። እማዬ መልሳ አንድ ነገር ብቻ ትጽፋለች፦ «ማክሰኞ ምን ሠራሽ?»